ከግሉተን ነጻ ሆኖ በሐበሻ ምግብ ቤት መመገብ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«አንተማ ምን ቸገረህ፣ ጤፍ አለልህ!» ሴሊያክ የተባለ ሕመም እንዳለበት ሐኪም የነገረው ሐበሻ ከዘመድ ከወዳጅ መጀመሪያ የሚሰማው ማጽናኛ ይህ ነው። አነጋገሩ እውነት አለው፤ ሆኖም ዱቄቱንና ምጣዱን ራሱ ለሚቆጣጠር ሰው እንጂ ከቤቱ ወጥቶ ለሚመገብ ሰው እውነቱ ግማሽ ብቻ ነው። የሚከተሉት መልሶች በአገር ቤትም ሆነ በውጭ አገር የሐበሻ ምግብ ቤት ደንበኛ ሆነው ለመቆየት ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው።

ግሉተን ምንድን ነው? በየትኞቹስ እህሎች ውስጥ ይገኛል?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና በአውሮፓ በብዛት በሚበቅለው ራይ በተባለው እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ሲሆን፣ የስንዴ ሊጥ ሲጎትቱት ሳይበጠስ እንዲለጠጥ የሚያደርገው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ሰውነቱ የመከላከያ ኃይል ተነሥቶ የቀጭን አንጀቱን ግድግዳ ይጎዳል፤ በዚህም ምክንያት የበላው ምግብ በአግባቡ ወደ ደሙ ሳይገባ ይቀርና ተቅማጥ፣ የሆድ መነፋት፣ የደም ማነስና ክብደት መቀነስ ይከተላሉ። በዓለም ላይ ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ ሕመም እንዳለበት ይገመታል። ስንዴ ከሕመሙ ጋር ያለውን ግንኙነት በማስረጃ ያሳየው ዊሌም ዲኪ የተባለ የኔዘርላንድ የሕፃናት ሐኪም ሲሆን፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ በአገሩ ዳቦ በጠፋበት የረኃብ ወቅት የታመሙት ሕፃናት መሻላቸው ለሐሳቡ ማጠናከሪያ ሆኖለታል፤ ጥናቱንም በ1950 (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አቅርቧል። እስከ ዛሬ ያለው ሕክምና ዕድሜ ልክ ከግሉተን መራቅ ነው።

ስለ አጃ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ስሙ ሁለት እህሎችን ይጠራል። ገበሬው ከጥንት ጀምሮ አጃ የሚለው የስንዴ ዘር የሆነ እህል ስለሆነ ግሉተን አለው። ከሱፐርማርኬት በካርቶን የሚገዛው አጃ ግን ሌላ እህል ነው፤ እሱም ቢሆን በእርሻና በፋብሪካ ከስንዴና ከገብስ ጋር ስለሚነካካ «ከግሉተን ነጻ» የሚል ጽሑፍ ከሌለው አይታመንም። ምግብ ቤት ውስጥ «የአጃ ሾርባ አለን» ሲባሉ የትኛው አጃ እንደሆነ ከመከራከር ይልቅ ሌላ ነገር ማዘዝ ይሻላል።

ጤፍ በእርግጥ ግሉተን የለውም?

የለውም። በ2005 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የተለያዩ የጤፍ ዓይነቶችን መርምረው፣ የሴሊያክ ሕሙማንን የመከላከያ ሕዋሳት የሚያስቆጣው ነገር በጤፍ ውስጥ እንዳላገኙ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን አሳትመዋል። ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝና ዳጉሳም እንዲሁ ከግሉተን ነጻ ናቸው።

ጉዳዩ ግን ጤፉ ሳይሆን ጤፉ እንጀራ እስኪሆን የሚያልፍበት መንገድ ነው። እህሉ ከስንዴ ጋር በአንድ አውድማ ሊወቃ ይችላል፤ ቀጥሎም ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ከፊቱ የተሰለፈው ሰው የበሶ ገብስ አስፈጭቶ ከሆነ፣ ወፍጮው ውስጥ የቀረው የገብስ ዱቄት ከሚቀጥለው ጤፍ ጋር መውጣቱ አይቀርም። ከዚያ ቡሖ ዕቃው፣ ምጣዱ፣ ምጣዱ የሚጠረግበት ማሰሻ፣ እንጀራው የሚወጣበት ሰፌድ አለ። ጋጋሪዋ ጠዋት የገብስ እንጀራ ጋግራ ከሰዓት በኋላ በዚያው ማሰሻና በዚያው ሰፌድ ንጹሕ ጤፍ ብትጋግር፣ እንጀራው ለማንም ሰው ንጹሕ ጤፍ ነው፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ግን አይደለም።

ይህን ያህል መጨነቅ ያስፈልጋል? ትንሽ ቢነካካ ምን ይሆናል?

ሴሊያክ ላለበት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ስስ ቁራጭ ዳቦ ወደ 2 ግራም ግሉተን ሊይዝ ይችላል፤ በየቀኑ 50 ሚሊግራም ማለትም የዚያች ቁራጭ አርባኛ እጅ ያህል መውሰድ አንጀትን እንደሚጎዳ በጥናት ታይቷል። በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ አንድ ምግብ «ከግሉተን ነጻ» የሚባለው በአንድ ኪሎግራም ውስጥ ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ግሉተን ሲኖረው ነው። በዓይን የማይታይ የዱቄት ብናኝ ቁጥር ውስጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ሴሊያክ ሳይኖርበት ስንዴ ሲበላ ሆዱን የሚከብደው ሰው ግን የማሰሻው ነገር ያን ያህል ላያስጨንቀው ይችላል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆኑ ሳያውቁ ከግሉተን መራቅ የጀመሩ ከሆነ ወደ ሐኪም ይሂዱ፤ የደም ምርመራው በትክክል የሚሠራው ሰውየው ግሉተን እየበላ ሳለ ስለሆነ፣ አስቀድሞ ማቆም ውጤቱን ያሳስታል።

እንጀራው ንጹሕ ጤፍ መሆኑን በማየት ወይም በመዳሰስ መለየት ይቻላል?

አይቻልም። ስንዴ የተቀላቀለበት እንጀራ ሲቆርሱት ትንሽ ይለጠጣል፣ ንጹሕ ጤፍ ግን ቶሎ ይበጠሳል የሚሉ አሉ፤ ውሸት አይደለም፣ ግን ጥቂት ገብስ የገባበትን እንጀራ በዚህ መንገድ የሚለይ እጅ እኔ አላየሁም። የዐይኑ ብዛትም፣ የመልኩ ንጣትም ምስክር አይሆንም። «ማኛ ነው» የሚለው መልስም የጤፉን ዓይነት ከመንገር በቀር ምን እንደተቀላቀለበት አይናገርም።

በአዲስ አበባ የጤፍ ዋጋ በናረ ቁጥር ሩዝ ወይም በቆሎ መቀላቀል የተለመደ ሲሆን፣ ይህ ለኪስ እንጂ ለግሉተን አያሳስብም። በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ነገሩ የተለየ ነው። ጤፍ በማይገኝበት ዘመን እናቶቻችን ከሴልፍ ራይዚንግ (ማንሻ ከተቀላቀለበት የስንዴ ዱቄት) እና ከገብስ እንጀራ መጋገር ተማሩ፤ ኢትዮጵያም በ2006 ያልተፈጨ ጤፍ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለች። ዛሬ ጤፍ በአሜሪካ በአይዳሆ ጭምር ቢበቅልም፣ ድብልቁ ለጋጋሪ የሚመች፣ ዋጋውም የቀለለ ስለሆነ በብዙ ምግብ ቤቶች የዘወትር እንጀራ ሆኖ ቀርቷል። በእስራኤል ባለው ማኅበረሰባችንም የስንዴ ዱቄት የገባበት እንጀራ የተለመደ ነው። ስለዚህ በውጭ አገር፣ ሌላ ነገር እስካልተነገረዎት ድረስ፣ የቀረበልዎት እንጀራ ስንዴ ወይም ገብስ አለው ብለው ይነሡ።

ሊጡ ሦስት ቀን ሲቦካ ግሉተኑ አይጠፋም?

አይጠፋም። መቡካቱ ጣዕሙን ይለውጣል፣ ግሉተኑንም በመጠኑ ሊሰባብረው ይችላል፤ ለሴሊያክ ሕመምተኛ ከሚያሰጋው መጠን በታች ግን አያወርደውም። ይልቁን እርሾውን ይጠይቁ። ንጹሕ ጤፍ የሚጋግር ቤት እርሾውን ከድብልቁ ቡሖ የሚወስድ ከሆነ፣ ስንዴው በእርሾው በኩል ተመልሶ ይገባል።

አስተናጋጁ «ግሉተን» የሚለውን ቃል ባያውቀውስ?

በአገር ቤት አብዛኛው አስተናጋጅ ባያውቀው አይፈረድበትም፤ ስንዴንና ገብስን ግን የማያውቅ የለም። ስለዚህ ቃሉን ተወት አድርገው ስለ ዱቄቱ ይጠይቁ። «እንጀራችሁ ግሉተን አለው?» ብለው ቢጠይቁ መልሱ «ኧረ ምንም የለውም!» ነው። «ጤፉ ላይ ምን ትቀላቅላላችሁ?» ብለው ሲጠይቁ ግን አስተናጋጁ ወደ ማዕድ ቤት መመለስ ግድ ይሆንበታል። ሁለተኛው አጠያየቅ መቀላቀልን እንደ ጥፋት ሳይሆን እንደ ተራ ነገር ስለሚያነሣው፣ የሚመልሰውም ሰው አይሸማቀቅም።

ቀጥሎ «እንጀራውን እዚሁ ነው የምትጋግሩት ወይስ ታመጣላችሁ?» ይበሉ። ብዙ ቤቶች እንጀራ በኮንትራት ከውጭ ስለሚያስመጡ፣ የምግብ ቤቱ ሰው በቅን ልቦና የሚነግርዎት ነገር እሱም ከአቅራቢው የሰማውን ነው።

«አልበላም» ወይም «አይስማማኝም» የሚሉት ቃላት አቅም የላቸውም። አንዱን ሲሉ «ጾም ነው?» ይባላሉ፤ ሌላውን ሲሉ «ትንሽ ቢቀምሱ ምንም አይልዎት» ይከተላል። «ስንዴና ገብስ ያመኛል፣ ሐኪም ከልክሎኛል» ቢሉ ግን ጉዳዩ በአንድ ጊዜ ይገባቸዋል። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ፣ ቤቱ ሳይጨናነቅ፣ ከተቻለም አስቀድሞ በስልክ መጠየቅ የበለጠ ይጠቅማል።

ይህን የተማርኩት ተጎድቼ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ ባለ አንድ ቤት «መቶ በመቶ ጤፍ ነው» ተብዬ ግማሹን ከበላሁ በኋላ፣ ባለቤቲቱ ደግ ሴት ነበሩና ጨዋታ ለመጨመር ወደ ጠረጴዛዬ መጡ። እንጀራውን ሳመሰግንላቸው «ሴልፍ ራይዚንግ ጣል አደርግበታለሁ፣ ለዐይኑ ብዬ ነው እንጂ ጤፍ ነው» አሉኝ። አልዋሹኝም፤ ለእሳቸው ዘጠኝ እጁ ጤፍ የሆነ እንጀራ የጤፍ እንጀራ ነው። የተሳሳትኩት ጠያቂው ነኝ።

ከምግብ ዝርዝሩ ምን ልዘዝ? ከምንስ ልራቅ?

ምርጫው የእኔ ቢሆን መጀመሪያ የምሄደው ክትፎ ቤት ነው። ቆጮ የሚሠራው ከእንሰት ስለሆነ ግሉተን የለውም፤ ክትፎው ሥጋ፣ ቅቤና ሚጥሚጣ ነው፤ አይቡና ጎመኑም የሚያሰጋ ነገር የለባቸውም። ከሥሩ እንጀራ እንዳይነጠፍበትና ቆጮው ዳቦ በሚቆረጥበት ቢላ እንዳይቆረጥ መንገር ብቻ ይበቃል።

ወጦቻችን በጠቅላላው የተመቹ ናቸው። የዶሮ ወጥም ሆነ የምስር ወጥ የሚወፍረው በሽንኩርት እንጂ በዱቄት አይደለም። የሽሮ እህሉ ሽምብራ፣ አተር ወይም ባቄላ ቢሆንም የወፍጮው ጥያቄ እሱንም ይመለከታል፤ ሌላ ዱቄት ይቀላቀልበት እንደሆነም መጠየቅ አይከፋም። ጥብስ ሲያዝዙ ሶያ ሶስ ወይም የሾርባ ኪዩብ ይገባበት እንደሆነ ይጠይቁ፤ የተለመደው ሶያ ሶስ የሚሠራው ከስንዴ ጭምር ነው። ለጥሬ ሥጋና ለጎረድ ጎረድ የሚቀርበው አዋዜ በጠላ የተበጠበጠ ከሆነ ይተውት።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት በያይነቱ ነው። የራስዎን እንጀራ ይዘው ሄደው እንኳ፣ በመካከል ቁጭ ያለችው የቲማቲም ፍትፍት ወይም የሱፍ ፍትፍት የተፈተፈተችው በቤቱ እንጀራ ነው። «ፍትፍት ይቅር» ማለት አይርሱ። ፍርፍርም ያው እንጀራ ነው፤ ሳምቡሳ ደግሞ ልብሱ የስንዴ ሊጥ ነው።

ዓሣ ሲሆን፣ ኮተሌት በዱቄት ወይም በዳቦ ፍርፋሪ ስለሚለበጥ አይሆንም። ሙሉውን የሚጠበሰው ዓሣም ዘይት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ዱቄት የሚነሰነስበት ቤት አለ። ዘይቱ ራሱ ሳምቡሳ የተጠበሰበት ከሆነ ድንች ጥብሱም አብሮ ይበላሻል።

ቁርስ ሰዓት ምን ይሻላል?

የእኛ ቁርስ ለዚህ ሕመም አይራራም። ጨጨብሳ፣ ፈጢራ፣ ቅንጬ፣ የገብስ ገንፎ፣ በሶ፣ ጭኮ፣ ጥሕሎ፤ ሁሉም የስንዴ ወይም የገብስ ናቸው። የቀሩት የቡላ ገንፎ፣ ዳቦው ቀርቶ የሚቀርብ ፉልና እንቁላል ናቸው። እንቁላሉ ቂጣ በተጋገረበት መጥበሻ እንዳይሠራ ማሳሰብ ግን ያስፈልጋል።

ከመጠጥስ?

ጠላ የብቅል መጠጥ ስለሆነ አይጠጣም፤ ቢራም፣ ከብቅል የሚሠሩት አልኮል አልባ መጠጦችም እንዲሁ፤ ከገብስ የሚዘጋጀው ቀሪቦም ከእነሱ ጋር ይቆጠራል። ጠጅ ማር፣ ውኃና ጌሾ ስለሆነ ይሆናል። ብርዝ፣ ወይን፣ የፍራፍሬ ጭማቂና ማዕድን ውኃም አያሰጉም። የአረቄው ነገር ያከራክራል፤ እህሉ ገብስ ቢሆንም ግሉተን ከእንፋሎቱ ጋር አብሮ ስለማይወጣ በሚገባ የወጣ አረቄ ከግሉተን ነጻ ነው።

ቡና ምንም የለበትም፤ የሚያጠምደው የቡና ቁርሱ ነው። ፈንዲሻ በቆሎ ስለሆነ ይበላል፤ ቆሎ ግን ገብስ ወይም ስንዴ ነው፤ ሽምብራውንና ሱፉን ለቅሞ መብላትም አይጠቅምም፣ አብረው ታምሰዋልና።

በአንድ ገበታ መብላትና ጉርሻስ እንዴት ይሆናል?

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው፤ የምግብ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የፍቅር ጉዳይ ይሆናልና። ገበታው ላይ የእርስዎ ንጹሕ ጤፍ ከሌላው ድብልቅ ጋር ጎን ለጎን ቢነጠፍ፣ ድብልቁን የቆረሰ እጅ ወደ እርስዎ ወጥ መድረሱ አይቀርም። ስለዚህ ለብቻ በሆነ ሳሕን ይመገቡ። ሳሕኑ ከገበታው ጠርዝ ጋር ተጠግቶ ሲቀመጥ ከማዕዱ የተለዩ አያስመስልም፤ ወጡ ከአንድ ድስት ይሁን፣ ነገር ግን የእርስዎ ቀድሞ ይውጣ።

ጉርሻን ማዕድ ላይ ከመድረሱ በፊት እንጂ እጁ ወደ አፍ ከተዘረጋ በኋላ መመለስ አይቻልም፤ ያኔ እምቢ ማለት ያስቀይማል። ሰው እጁን ከመታጠቡ በፊት ለጋባዡ ወይም ለታላቂቱ ቀረብ ብሎ «እማማ፣ ዛሬ ጉርሻው ከእኔ ሳሕን ይሁንልኝ፣ ስንዴ ያመኛል» ማለት ብዙ ጊዜ ይበቃል። እሳቸው ከእርስዎ ሳሕን ቆርሰው ያጎርስዎታል። እጃቸው አስቀድሞ ድብልቁን ካልነካ ሥርዓቱም ጤናውም ይጠበቃል። እኔም በራሴ እጅ ሌላውን አላጎርስም እንዳልባል፣ መጀመሪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ።

የራስን እንጀራ ይዞ ምግብ ቤት መሄድ ነውር አይደለም?

አይደለም፣ ከተነገረ። በአገር ቤት ምክንያቱን አስቀድመው ሲያስረዱ እሺ የማይል ባለቤት ብዙም አያጋጥምም፤ ወጡን ከእነሱ እየገዙ ነውና። በውጭ አገር ግን በጤና ቁጥጥር ደንብ ምክንያት ከውጭ የመጣ ምግብ የማያስገቡ ቤቶች ስላሉ በስልክ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ ከአንድ ቀን በፊት ሲነገራቸው ንጹሕ የጤፍ እንጀራ በተጨማሪ ዋጋ ያዘጋጃሉ፤ ይህ ከሁሉም ይሻላል። እንጀራዎን «ላሙቅልዎት» ሲሉ ግን አመስግነው እምቢ ይበሉ፤ የሚሞቀው በእነሱ ምጣድ ላይ ነው።

ለሠርግ፣ ለማኅበርና ለለቅሶ ቤትም መፍትሔው ይኸው ነው። በጨርቅ የተጠቀለለ አንድ እንጀራ ቦርሳ ውስጥ ቦታ አይፈጅም፤ ድፎ ዳቦ ሲቆረስ ለበረከት ያህል ቁራሹን ተቀብሎ ለልጆች ማሳለፍም ማንንም አላስቀየመም።

በውጭ አገር ያሉት ሕጎች ምን ያህል ይረዱኛል?

በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ምግብ ቤቶች ግሉተን ያላቸውን እህሎች ጨምሮ ስለ 14 አለርጂ አስነሺ ነገሮች ለደንበኛ የመንገር ግዴታ አለባቸው፤ ደንቡ ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤትም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ስለዚህ ሲጠይቁ ውለታ እየለመኑ አይምሰልዎት።

በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2013 «ከግሉተን ነጻ» የሚለውን ቃል በዚያው በ20 ሚሊግራም ልክ ወስኗል። ነገር ግን በ2004 የወጣው የአለርጂ ሕግ በታሸገ ምግብ ላይ ስንዴ በግልጽ እንዲጻፍ ሲያስገድድ ገብስን አይጨምርም። ከመደብር የታሸገ እንጀራ ሲገዙ «ስንዴ የለውም» የሚል ቢያነቡ፣ ገብስ የለውም ማለት እንዳልሆነ ይገንዘቡ።

በእስራኤል «ብሊ ግሉተን» (ያለ ግሉተን) እና «ሴሊያክ» የሚሉት ቃላት በሰፊው ይታወቃሉ። በዓረብ አገሮች ሩዝ የሆነው ከብሳና ማንዲ ይሻላል፤ ሀሪስ ስንዴ ነው፣ ታቡሌም ክክ ስንዴ ይገባበታል፣ በረመዳን የሚቀርበውን ሾርባም እህሉን ሳይጠይቁ አይጠጡ።

በስህተት ብበላስ?

የበሉትን የሚያረክስ መድኃኒት የለም፤ በፋርማሲ የሚሸጡት ግሉተንን ሆድ ውስጥ ይሰባብራሉ የሚባሉት እንክብሎችም ለሴሊያክ ሕመምተኛ መከላከያ አይሆኑም። ውኃ በብዛት ይጠጡ፣ ይረፉ፣ ቀለል ያለ ነገር ይብሉ፤ ማስመለሱና ተቅማጡ ከበረታ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የስንዴ አለርጂ ከሴሊያክ የተለየ ነው፤ ከበሉ በኋላ ከንፈር ወይም ጉሮሮ ካበጠ፣ ትንፋሽም ካጠረ ደቂቃ ሳይባክን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል።

ሲሻልዎት ለምግብ ቤቱ ደውለው ምን እንደበሉ ይንገሩ፤ ቁጣ ሳይሆን ዝርዝር ያስፈልጋል። ምን አዘዙ፣ ማን ምን አለዎት፣ እንጀራው ከየት መጣ። እኔም እንደዚሁ ደውዬ ነበር፤ ባለቤቲቱ ደንግጠው ብዙ ይቅርታ ከጠየቁኝ በኋላ፣ ሐሙስ ሐሙስ ድብልቁ ከመጋገሩ በፊት በታጠበ ምጣድ ንጹሕ ጤፍ ሊጋግሩልኝ ተስማማን። እርሾውንም ለብቻው በክዳን ዕቃ አኑረውልኛል።